መዝጊያ አይዋሽም

የእትዬ ዘይነባን ሞት የነገረኝ ሹፌሩ ሙሔ ነው። ከኮምቦልቻ ጭነት ይዞ ወጥቶ ፒያሳ መኪናውን አቁሟል። ከሩቅ ሲያየኝ ጥሩንባ ሳይነፋ፣ እንደ ልማዱም ሳይሳደብ ወረደና እጄን ያዘ። ሙሔ ሳይሳደብ እጅ ከያዘ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

«አሮጊቷ ሄዱብን» አለኝ።

«የትኛዋ?» አልኩት፤ ደሴ አሮጊት ሞልቶባታል።

«የመዝጊያዋ ናቸዋ!» አለና የመኪናውን በር ተደግፎ አለቀሰ።

እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። ያን ሁሉ ክፉ ቀን፣ ያን ሁሉ ካድሬ፣ ያን ሁሉ የቀበሌ እስር ገፍተው የኖሩ ሴት በተራ ጉንፋን ይሞታሉ? እኔ ብጠየቅ ኖሮ አልፈቅድም ነበር። ሐዘኑ ኋላ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው የመጣው። ሲመጣ ደግሞ ቶሎ አልሄደም።

እትዬ ዘይነባ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ ያገለገለ እንጨት ይሸጡ ነበር። ባላቸው አናጢ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ እትዬ በግቢያቸው ያረጀ መዝጊያ፣ መቃን፣ ማገርና ወጋግራ እየገዙ ይሸጣሉ። እኔ ከግቢያቸው መግቢያ ጎን በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዬን ተክዬ ስለነበር ምላሳቸውን ከማንም በላይ ጠግቤዋለሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። መፋቂያ ከአፋቸው አይጠፋም። መፋቂያው በቀኝ በኩል ሲሆን ጨዋታ ነው፤ ወደ ግራ ካለፈ ራቅ ብሎ መቆም ነው።

በዚያ ዘመን የደሴ ሰው ዓመቱ ደህና መሆን አለመሆኑን ሰማይ አይቶ፣ ሬዲዮ ሰምቶ፣ ወይም ከሁለቱም አንዱን ሳያምን ይገምታል። እትዬ ዘይነባ ግን የሚያዩት ሰኞ ሰኞ ገጠሬው ለሽያጭ ይዞት የሚወጣውን ነበር። «ዝናብ ይዋሻል፣ ሬዲዮ ይዋሻል፣ መዝጊያ አይዋሽም» ይላሉ። ባለ ሱቆቹ ሳይቀሩ ማልደው ሲያልፉ «እትዬ፣ ዛሬ ምን ወጣ?» ብለው ይጠይቋቸዋል።

እኔንም አስተምረውኛል። «ፍየል ሲበዛ አትደንግጥ፤ ፍየል ለመሸጥ ነው የተፈጠረችው። የሚስት አምባር ሲወጣ ጠርጥር። የእርሻ በሬ ሲወጣ እህልህን ሰብስብ። ሞፈርና ቀንበር ሲወጣ ዱዓ አድርግ።»

«መዝጊያ ሲወጣስ?»

«መዝጊያ ሲወጣማ ዱዓህን እየሮጥክ አድርግ! ሞፈሩን የሸጠ ተውሶ ያርሳል። መዝጊያውን ነቅሎ ያመጣ ቤቱን ለጅብ ትቶ ነው የመጣው።»

አንድ ጊዜ ግን ተሳስተዋል፤ ከተማው ይህን አልረሳላቸውም። የመሬት አዋጅ በታወጀ ሰሞን አንድ ሰኞ ከገጠር መዝጊያ በመዝጊያ ላይ ሆኖ መጣ፤ ሳንቃው የጥድ፣ የዋንዛ፣ ባለ ጉብጉብ ብረት። እትዬ ዘይነባ «ያ ረቢ! አገር ተነሳ!» ብለው ጮኹ። በዚያው ቀን የደሴ ሰው እህል ሊሸምት ተጋፋ፣ ጤፍ ጠፋ፣ በርበሬ እንኳ ተደበቀ። ኋላ ሲጣራ ገበሬዎቹ የባለርስቱን ግቢ አፍርሰው መዝጊያውን ተካፍለው ኖሯል። ጠግበው፣ ዘፍነው፣ አንዳንዱም ጠጅ ቀምሶ ነበር የመጣው። እሳቸው በአሉባልታ ተከሰው ቀበሌ ተጠሩ።

ከሁሉም አብልጠው የሳቁት ግን እሳቸው ናቸው። «የመዝጊያውን ብዛት አየሁ እንጂ የተሸካሚውን ፊት አላየሁም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መዝጊያ የያዘ ሰው ሲመጣ አስቀድመው ከኋላው ማን እንዳለ ያያሉ። ሰውየው ብቻውን ከሆነ ንግድ ነው፤ ሚስትና ልጅ ከተከተሉት ክፉ ቀን ነው።

ያ ክፉ ቀን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሽር ጉድ በሚባልበት ጊዜ መጣ። በልጉ ቀርቶ ነበር። በሰኔ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሰው የወይራ መዝጊያ በጀርባው አዝሎ ከግቢው ገባ። ሚስቱ ከኋላው ናት፤ ሁለት ልጆች ቀሚሷን ይዘዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እናቴ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ከየት ነህ፣ ወንድምዓለም?»

«ከኩታበር በላይ ነኝ።»

«ሞፈርህስ?»

«አምና ወጣ፣ እናቴ።»

«በሬህስ?»

ሰውየው መዝጊያውን ከጀርባው አወረደ። ሚስቱ ናት የመለሰችው፤ «እሱንማ በልተን ጨረስነው።»

መፋቂያው ወደ ግራ አለፈ። «አልገዛህም» አሉት።

የሰውየው ፊት ሲጨልም አየሁት። «ግዴለም፣ ለማገዶም ቢሆን…» አለ።

«ለማገዶ? ይኼን የመሰለ ወይራ? አፈር ስሆን እንዲህ አትበል! አልገዛህም አልኩ እንጂ አልቀበልህም አላልኩም። አማና አስቀምጠው።»

በእኛ አገር አማና ቀላል ነገር አይደለም። አማና የተቀመጠ ዕቃ ባለቤቱ እስኪመጣ አይነካም፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አስቀማጩም ይህን ስለሚያውቅ ዞር ብሎ ሳያይ ይሄዳል። እትዬ ዘይነባ ጓዳ ገብተው ማሽላ በከረጢት አወጡና ለሴትየዋ ሰጧት። «ይኼ ሰደቃ ነው፤ የመዝጊያው ዋጋ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እንድሬ! ቁራጭ ጨርቅ አምጣ!»

ከእግሬ ሥር ካለው ቁርጥራጭ ቀይ አበባ ያለበት ጨርቅ አቀበልኳቸው። ለሁለት ቀደዱትና ግማሹን በመዝጊያው ቀለበት አሰሩ፣ ግማሹን ለሰውየው ሰጡት። «ስትመለስ ይኼን ታመጣለህ። ቅዳጁ ከቅዳጁ ሲገጥም መዝጊያህን ትወስዳለህ።»

«ካልተመለስኩስ?»

«ትመለሳለህ! አብሽር! ብትዘገይም መዝጊያህ እዚሁ ነው። ደሴ የት ትሄዳለች?»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰኞ ሁሉ ባስታውሰው አልወድም። ግቢው በመዝጊያ ሞላ። በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ቆሙ፤ በየቀለበቱ የኔ ቁርጥራጭ፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ባለ መስመር። የእትዬ ዘይነባ ማሽላ አለቀ። ከዚያ የሰፈሩ ማሽላ ተዋጣ። የክርስቲያኑም የእስላሙም ጓዳ ተራቆተ። እንጨት የሚሸጡ ሴት እንጨት መሸጥ ትተው እንጨት ጠባቂ ሆኑ። በእኛ ቀበሌ ደግሞ «ራብ» የምትለው ቃል ታስጠይቅ ነበር፤ የተፈቀደው «ጊዜያዊ የዝናብ እጥረት» ነው። እሳቸው ይህን ሲሰሙ «እጥረትስ የካድሬ ኀፍረት እጥረት ነው» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። እኔ ስፌቴ ላይ አቀረቀርኩ፤ የማላውቃቸው መስዬ።

አሁን ጓድ ይደረጋልን ላምጣው። ለበዓሉ ዝግጅት የተመደበ ካድሬ ነው። ስሙን ትቶ ሰፈሩ ይህን ያወጣለት ምን ቢነግሩት «ይደረጋል!» ስለሚል ነው። ውሃ ጠፋ ቢሉት ይደረጋል፣ እናቱ ሞተች ቢሉትም ይደረጋል ሳይል አይቀርም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግቢው ገብቶ መዝጊያዎቹን በእርካታ ዞሮ አያቸው።

«እማማ፣ ይኼ ሁሉ ሳንቃ ለበዓሉ መድረክና ለመግቢያው ቅስት ይፈለጋል። እንጨት አጥተናል። ደግሞ እዚህ ተገትሮ ማየት ደስ አይልም። ከኮምቦልቻ የሚወጣ እንግዳ በዚህ ነው የሚያልፈው።»

«ሳንቃ አይደለም፣ የሰው ቤት ነው።»

«ገዝተሽው የለ?»

«አልገዛሁትም። አማና ነው።»

«ለአብዮቱ ነው የተጠየቅሽው!»

«አብዮቱ አማና ሲሰጥ ያኔ ለአብዮቱ እመልስለታለሁ። ይኼን የሰጠኝ ገበሬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ጓዱ ቀላ። የጭነት መኪና አስመጣ፤ ሹፌሩ ሙሔ ነበር፣ መኪናው ለበዓሉ በግዴታ ተይዞበት። አብረውት የመጡት ጫኚዎች መዝጊያዎቹን አንስተው ጫኑ። እትዬ ዘይነባ ቆመው አዩ። እውነቱን ልናገር፣ ሳይሳደቡ ሲያዩ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ጓዱ ጋቢና ገባ። ሙሔ ሞተሩን አስነሳ፤ መኪናው አጉረመረመ፣ ተንፈራገጠ፣ ጠፋ። ደግሞ አስነሳ፤ ደግሞ ጠፋ። ሙሔ ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ የሆነ ነገር ነካክቶ እጁን በዘይት ቀብቶ ተመለሰ። «ጓድ፣ ካልተገፋ አይነሳም» አለ። ጓዱም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሰፈርተኛ! ግፉ!» ብሎ አዘዘ።

እንዴት ያለ መግፋት! ቆዳ ፋቂው፣ ሥጋ ሻጩ፣ እኔ፣ የመስጊዱ ሙአዚን፣ የቄሱ ልጅ፣ ሁላችን ከኋላ ተረባረብን። «ያ አላህ! አይዞህ! በርታ!» እያልን ጮኽን፤ ጩኸታችን አዘዋ ገደል ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አፋችን ይገፋል፣ እጃችን ይይዛል። መንገዱም ዳገት ነው፣ አልሃምዱሊላህ። ጓዱ ወርዶ ሲያየን ሁላችንም በላብ ተጠምቀን ነበር፤ ላቡ እውነተኛ ነው፣ መኪና ይዞ ማስቀረት ከመግፋት ይከብዳል።

«አውርዱት! ነገ ሌላ መኪና ይመጣል! ይደረጋል!» ብሎ በእግሩ ሄደ።

ከአስር ሰላት እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ ባለው ጊዜ ግቢው ባዶ ሆነ። እትዬ ዘይነባ ማንንም አልለመኑም። መሐል ግቢ ቆመው «አማና የሚችል ይውሰድ፤ የማይችል አይንካ» አሉ፣ በቃ። ከአልጋ ጀርባ የገባ መዝጊያ አለ፣ ከከብት ጋጥ የቆመ አለ፣ ከቄሱ ቤት ጣራ ሥር የተሰቀለ አለ። እኔ አንዱን በሁለት በርሜል ላይ አጋድሜ ጨርቅ አልብሼ መቁረጫ ጠረጴዛ አደረግሁት። ጓድ ይደረጋል ራሱ ለበዓሉ ሱሪ የሚሆነውን ካኪ ጨርቅ በዚያው ሳምንት እኔ ዘንድ አምጥቶ ነበር። የሱሪው ጨርቅ የተቆረጠው በዚያ መዝጊያ ላይ ነው። ትንሽ አጥብቤ ሰፋሁለት።

በማግስቱ ሁለት ታጣቂ ይዞ ሲመጣ እትዬ ዘይነባ የገዛ ቤታቸውን መዝጊያ ከማጠፊያው ነቅለው ደጃፉ ላይ አቁመውት ነበር።

«ሌላውስ?» አለ ጓዱ።

«ለመድረኩ እንጨት ጎደለን አላልክም? ይኸው። ዋንዛ ነው፣ የባሌ የእጅ ሥራ ነው። የራሴን እሰጣለሁ፤ የሰው አልሰጥም።»

«የት እንደደበቅሽው ትናገሪያለሽ!»

«አማና የሰጠኝ ይምጣና ይጠይቀኝ። አንተ ምን ሰጥተኸኛል?»

መዝጊያውንም እሳቸውንም ወሰደ። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ቀበሌ ታሰሩ። ምግብ ይዤ ስሄድ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ «ነገሩ ደህና ነው?» «ደህና ነው» እላለሁ። በበዓሉ ቀን ተሰልፈን ወጣን። ጓድ ይደረጋል ካኪውን ለብሶ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ምርት ዕድገት ሲናገር ከእግሩ ሥር የእትዬ ዘይነባን መዝጊያ ለየሁት። ሲፈቱ ይህን ስነግራቸው ያዝኑ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ይርገጠው! ዋንዛ ነው፣ ውሸት አይሰብረውም» ብለው ሳቁ።

መዝጊያዎቹ አንድ በአንድ ከየጓዳው ወጥተው ግድግዳቸው ላይ ተመለሱ። የእሳቸው ቤት ግን መዝጊያ የለውም። የደሴ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጆንያ ሰፍቼ መግቢያው ላይ ሰቀልኩላቸው። ሙሔ ተቆጣ፤ «ይኼ ሁሉ መዝጊያ ቆሞ እርስዎ በጆንያ? አንዱን ለጊዜው ይግጠሙት!»

«አማና አይገጠምም» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዓመቱን ሙሉ በጆንያ ኖሩ፣ ሳሉም። ያን ሳል እኔ አሁንም እሰማዋለሁ።

በዚያ በጋ ሰፈራ ተጀመረ። ገበሬው በጭነት መኪና ታጭቆ ወደማያውቀው አገር ሲሄድ ከበረንዳዬ እናያለን። አንድ ቀን መኪኖቹ ሲያልፉ አንዲት ሴት ከመካከል እጇን አወጣች። በጣቶቿ መካከል ቢጫ ቁራጭ ጨርቅ አለ። አልጮኸችም፤ ጨርቁን ብቻ ከፍ አድርጋ ያዘችው። እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን ጥለው ከመኪናው ጎን ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ሳላቸው። «አለ! መዝጊያሽ አለ! ወላሂ አለ!» እያሉ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሮጡ። ታጣቂው «እጅሽን ሰብስቢ!» ሲላት ሴትየዋ ጨርቁን አፏ ውስጥ ከተተችው። እትዬ ተመልሰው ሲመጡ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በቀጣዩ ክረምት ዘነበ። እህል ሲደርስ ባለ ጨርቆቹ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። የመጀመሪያው ያ የኩታበሩ ሰው ነው፤ ከሚስቱ ጋር ብቻ። እትዬ ዘይነባ ከባልና ሚስቱ ኋላ ማን እንዳለ ተመለከቱ። ቀሚሷን የያዘ ልጅ አልነበረም። አልጠየቁም። ቀዩን ጨርቅ ከቀዩ አጋጥመው መዝጊያውን ከግድግዳው አላቀቁና ራሳቸው ደግፈው ጀርባው ላይ ጫኑለት። ሚስቲቱ እጃቸውን ልትስም ስትጎነበስ «ተነሽ! የራስሽን ነው የወሰድሽው» ብለው ቀና አደረጓት። እንዲህ እያለ ግቢው ሳሳ። ግን ባዶ አልሆነም።

ዘግይቶ፣ መንደር ምሥረታ የሚባለው በመጣ ጊዜ፣ ጓድ ይደረጋል ባዶ መኪና ይዞ ተመለሰ። ወፍሯል። እኛም ተሰበሰብን።

«ድርቁ በድል ተጠናቋል» አለ። «የእነዚህ ባለቤቶች በሰፈራ ጣቢያ ቤት ተሠርቶላቸዋል። ይኼ ባለቤት የሌለው ዕቃ ነው፤ ለአዲሱ መንደር ይውላል።»

እትዬ ዘይነባ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። ይህን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም ነበር።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ቀንን በሚመጣው መዝጊያ ስለካ ኖርኩ» አሉ። «ለካ ልኩ እሱ አይደለም። ልኩ ሳይወሰድ የቀረው ነው። ይኼ ግድግዳ ባዶ ሲሆን ያኔ አልቋል በለኝ።»

«ሴትዮ፣ መመሪያ ነው! ጫኑ!»

«እሺ፣ ጫኑ። ግን የሰው ቤት ሳያንኳኩ አይገባም። አንኳኩና ውሰዱ።»

ጫኚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ዘይነባ ከግድግዳው ጫፍ ወዳለው መዝጊያ ሄዱ። ቢጫ ጨርቅ ነበር የታሰረበት። በጣታቸው አንጓ አንኳኩ።

«ቤቶች!» አሉ።

ከደጅ የቆመ ሰው እንደሚያደርገው ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቁ። ከመዝጊያው ኋላ የጭቃ ግድግዳ ነው ያለው። ወደ ሁለተኛው አለፉ። «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ? መንግሥት መጥቷል፣ ክፈቱ!» ጠበቁ። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ወደ ጓዱ ዞሩ።

«ና፣ ይኼን አንተ አንኳኳ። ደህና ናቸው አላልክም? አንተን ይሰሙህ ይሆናል።»

ጓድ ይደረጋል መጣ። እጁን አነሳ። እጁ መዝጊያው አጠገብ ሲደርስ ቆመ።  ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ይደረጋል እንኳ ሳይል፣ ባዶ መኪናውን ይዞ ወጣ። አንዳንዶቻችን ማጨብጨብ ጀምረን ነበር።

እትዬ ዘይነባ ዞር ብለውም አላዩን። ወደሚቀጥለው መዝጊያ አለፉ። «ቤቶች!» አሉ። እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ በአንድ አንኳኩ፤ በእያንዳንዱም ፊት ከውስጥ ሰው ተነስቶ እስኪከፍት ያለውን ያህል ቆመው ጠበቁ።